ለጋይንት ሌሊት የሚሆን የባትሪ ድንጋይ

ነፋስ መውጫ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ገበያ ላይ የእጅ ባትሪ ወይም የሶላር መብራት የሚገዛ ሰው አብርቶ የሚያየው አምፑሉን ነው። እኔ ግን ክዳኑን አስከፍቶ ድንጋዩን ይመልከት እላለሁ። የዛሬ አምፑሎች ለዓመታት ይሠራሉ፤ ቀድሞ የሚደክመው ውስጥ ያለው የሚሞላ ድንጋይ ነው። በዚህ አገር ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋልና ምርጫው ቀላል ነገር አይደለም።

በዚንክና በካርቦን የሚሠራው አሮጌው ድንጋይ 1.5 ቮልት ይሰጣል፤ ካለቀ አለቀ። ሲዳከም ፀሐይ ላይ የምናሰጣው ሙቀቱ ውስጡ የቀረውን ጥቂት ኃይል ስለሚያነቃቃ ነው እንጂ ድንጋዩ ተሞልቶ አይደለም። የሚሞላው ድንጋይ ግን ሌላ ዘር ነው። ከኒኬል የተሠራው በአንድ ፍሬ 1.2 ቮልት፣ የመኪናው የእርሳስ ባትሪ በአንድ ክፍል 2 ቮልት፣ የስልካችን ሊቲየም 3.7 ቮልት ይሰጣል። ስለዚህ መልኩና መጠኑ አንድ ስለሆነ ብቻ አንዱን በሌላው ቦታ መክተት አይገባም። ለ1.5 ቮልት በተሠራ ሬዲዮ ውስጥ ተመሳሳይ ቁመት ያለው ሊቲየም ከገባ ሬዲዮው ሊቃጠል ይችላል።

ዛሬ በእጅ ባትሪዎችና በፓወር ባንኮች ውስጥ በብዛት የምናገኘው ሊቲየም ስፋቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ 18650 የሚባለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ሊቲየም አዮን ባትሪን ሶኒ በ1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለገበያ አቀረበ፤ መሠረቱን የጣሉት ጉድኢናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። በዚህ መጠን ያለ ጥሩ ድንጋይ የሚይዘው እስከ 3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት አካባቢ ነው። ላዩ ላይ 9,900 ተጽፎ ካዩት ጽሑፉ ሐሰት ነው፤ በዚያ ቁመትና ስፋት ውስጥ ይህን የሚይዝ ድንጋይ እስካሁን አልተሠራም። በድካም የተገኘ የገበሬ ብር በእንዲህ ያለ ቁጥር መበላቱ ያንገበግበኛል። ሚዛን ካለ ይመዘን፤ እውነተኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ይሆናል፤ በጣም የቀለለው ያጠራጥራል።

ከመጠኑ ቀጥሎ የሚጠየቀው ድንጋዩ ኃይሉን በምን ፍጥነት ይለቃል የሚለው ነው። በሌላው ዓለም ሰዎች በሬዲዮ የሚመሩ ትናንሽ ጀልባዎችን በሐይቅ ላይ ያወዳድራሉ። የጀልባው ሞተር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብዙ አምፔር ስለሚጠጣ፣ 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዘው ድንጋይ 20 ወይም 40 አምፔር እንዲተፋ ይጠየቃል። እዚያ ፍጥነቱ ዋና ነገር ነው፤ ዕድሜው ግን ያጥራል። የእኛ መብራት በተቃራኒው በጣም ጥቂት እየጠጣ ሌሊቱን ይዘልቃል። የጋይንትዋ ቤተልሔም ለድጓ ማስመስከሪያነቷ የታወቀች ናት፤ በአካባቢው ማታ መጽሐፍ ለሚገልጥ የቆሎ ተማሪ ብዙ አምፔር የሚተፋ ድንጋይ ምንም አይጨምርለትም። ለእርሱ የሚበጀው ሳይደክም ለብዙ ዓመት በየቀኑ የሚሞላው ነው።

ለዚህ የምመርጠው የብረት ፎስፌት የሚባለውን የሊቲየም ዓይነት ነው። ቮልቱ 3.2 ነው፤ የሚይዘውም ያንሳል፤ በባለ 18650ው መጠን 1,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያህል ቢይዝ ነው። ይህ ለ1 ዋት መብራት ከ4 ሰዓት በላይ፣ ለግማሽ ዋት ደግሞ ከ9 ሰዓት በላይ ይበቃል። ተራው ሊቲየም ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሲሞላ ሲደክም፣ ይህ 2,000 ጊዜና ከዚያም በላይ ይሞላል፤ በየቀኑ ቢሞላ ከአምስት ዓመት በላይ ማለት ነው። ሲጎዳም በቀላሉ እሳት አይነሣበትም። ቻርጀሩ ግን የራሱ መሆን አለበት፤ እርሱ በ3.65 ቮልት ይሞላል፤ የተራው ሊቲየም ቻርጀር እስከ 4.2 ስለሚገፋ ይጎዳዋል።

አየሩም ይታሰብበት። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ በዙሪያው ባለው ደጋ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ይወርዳል። ሊቲየም ከ0 ዲግሪ በታች ሆኖ ሲሞላ ሊቲየሙ መግባት ካለበት ቦታ ሳይገባ ላዩ ላይ ይጋገራል፤ ከዚያ በኋላ ይዞታው ይቀንሳል፤ ውስጡም ሊያያዝ ይችላል። ስለዚህ የሶላር መብራቱ ሌሊት ቤት ይደር፤ ጠዋትም ውርጩ ከተነሣ በኋላ ይውጣ። ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ በሚወርደው የስማዳ ቆላ ችግሩ ሌላ ነው። እዚያ የሶላር ሰሌዳውና ድንጋዩ በአንድ ሣጥን የተሠሩበት መብራት ቆርቆሮ ላይ ሲውል ድንጋዩ ይቀቀላል፤ ከ45 ዲግሪ በላይ የሞቀ ሊቲየም ቶሎ ያረጃል። በቆላው ሰሌዳው በሽቦ የሚለያይበት፣ ድንጋዩ ጥላ ውስጥ የሚቀርበት ዓይነት ይሻላል። አሮጌውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት የለመደ ቤተሰብ ይህን ልማድ ለሚሞላው አያሻግር።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ልማድ ነው። በገጠር ትምህርት ቤቶች ያለቀ ድንጋይ ተሰብሮ ጥቁር ዱቄቱ ሰሌዳ ለማጥቆር ሲያገለግል ኖሯል። ያ ዱቄት የማንጋኒዝና የካርቦን ነው። ሊቲየም ግን ሲሰበር ወይም ሲበሳ በራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽም ተቀጣጣይ ነው። ያበጠ ድንጋይ አይጨመቅ፣ ከሣጥን አይፈልቀቅ፣ ምድጃም ውስጥ አይጣል፤ ሁለቱ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው ልጆች በማይደርሱበት ደረቅ ስፍራ፣ ከጭድና ከማገዶ ርቆ ይቀመጥ፤ ወደ ከተማ የሚወርድ ሰው ሲገኝም ለባለሙያ ይሰጥ።