ገመድ አልባ የቢሮ ስልክ እንዴት ይተከላል?

በቶሮንቶ ከተማ፣ ሪጀንት ፓርክ በተባለው ሰፈር፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሮጌዎቹ የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃዎች እየፈረሱ በአዳዲስ ፎቆች ሲተኩ ቆይተዋል። በእንዲህ ዓይነት ሕንፃ ቢሮ የሚከፍት ሰው ገመድ አልባ ስልክ ሲሻ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብለት ዴክት የተሰኘው ቴክኖሎጂ ነው።

ዴክት በአውሮፓ ከ1880 እስከ 1900፣ በካናዳ ግን ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ይሠራል። ስለሆነም ለአውሮፓ የተሠራ ስልክ በሻንጣ ይዞ መምጣት አይበጅም። ሞገዱ ከዋይፋይ የተለየ በመሆኑ ሁለቱ አይረባበሹም።

አተካከሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ፣ በስልክ ማዞሪያው ላይ ለእያንዳንዱ ስልክ የውስጥ ቁጥርና የይለፍ ቃል ይሰጣል። ቀጥሎ፣ ሞገዱን የሚያሰራጨው ቤዝ በኔትወርክ ገመድ ተያይዞ እነዚህን ቁጥሮች ይቀበላል። በመጨረሻም እያንዳንዱ ስልክ በምስጢር ቁጥር ከቤዙ ጋር ይጣመራል። ሞገዱ በሕንፃ ውስጥ 50 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ኮንክሪትና የአሳንሰር ብረት ግን ያሳጥሩታል። ስለዚህ ቤዙን ግድግዳ ላይ ከመምታት በፊት፣ እየተነጋገሩ ክፍሎቹን መዞር ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ የ911 ጥሪ ነው። በኢንተርኔት በሚሠራ ስልክ የደወለ ሰው መናገር ቢያቅተው፣ ረዳቶች የሚላኩት በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ ወደ ተመዘገበው አድራሻ ነው። ቢሮው ቦታ ቀይሮ አድራሻው ካልታረመ፣ አምቡላንሱ የሚያንኳኳው የቀድሞውን በር ይሆናል።