መብት በግዛቶች ምክር ቤት፦ የቬርሞንት ልምድ

በአሜሪካ ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ውርስንና ጉዲፈቻን የሚመለከተው ሕግ በዋናነት የሚወጣው በዋሽንግተን በሚገኘው የፌዴራል ኮንግረስ ሳይሆን በሃምሳዎቹ ግዛቶች ምክር ቤቶች ነው። አሠራሩ የኢትዮጵያ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ከሚያወጡበት ሥርዓት ጋር የሚቀራረብ ቢሆንም፣ የአሜሪካ ግዛቶች ሥልጣን ሰፋ ብሎ አብዛኛውን የወንጀል ሕግም ይጨምራል። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች፣ ማለትም የጌይና የሌዝቢያን ዜጎች የመብት ጥያቄም በፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እልባት ከማግኘቱ አስቀድሞ ለአሥርተ ዓመታት በግዛቶች ሲያከራክር የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው።

በፈቃደኛ አዋቂዎች መካከል በግል የሚፈጸም የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ከወንጀልነት በማውጣት የመጀመሪያዋ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1961 ሕጓን ያሻሻለችው ኢሊኖይ ናት። በ1982 ደግሞ ዊስኮንሲን ማንም ሰው በፆታ ዝንባሌው ምክንያት ከሥራ እንዳይባረር፣ ቤት እንዳይከለከል፣ በሆቴልና በመሰል የአገልግሎት መስጫዎችም እንዳይገለል የሚደነግግ ሕግ በማውጣት ቀዳሚ ሆነች። ረቂቁን በምክር ቤቱ የመሩት ዴቪድ ክላረንባክ ዴሞክራት ሲሆኑ፣ ፈርመው ያጸደቁት አገረ ገዥ ሊ ድሬፈስ ግን ሪፐብሊካን ነበሩ፤ ደጋፊዎቹ ከሁሉ አስቀድመው የሃይማኖት መሪዎችን ማግባባታቸውና የሚልዋኪው የካቶሊክ ሊቀ ጳጳስም ድጋፋቸውን መስጠታቸው ለተመራጮቹ መተማመኛ ሆኗቸዋል።

የጋብቻን ጥያቄ በተመለከተ እጅግ አስተማሪው ታሪክ ግን የቬርሞንት ነው። በዚህች አነስተኛ የሰሜን ምሥራቅ ግዛት ሦስት የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች የጋብቻ ፈቃድ ለማውጣት ወደየከተማቸው ጽሕፈት ቤት ሄደው በመከልከላቸው በ1997 ክስ መሠረቱ። ጠበቆቻቸው ክሱን ያቆሙት በፌዴራሉ ሳይሆን በግዛቱ ሕገ መንግሥት ላይ፣ በተለይም መንግሥት የተቋቋመው ለሕዝብ ሁሉ የጋራ ጥቅም እንጂ ለአንድ ወገን ብቻ አለመሆኑን በሚደነግገው አንቀጽ ላይ ነበር። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1999 በሰጠው ውሳኔ፣ ከጋብቻ የሚመነጩት የውርስ፣ የጤና መድንና የመሳሰሉት ጥበቃዎች ለእነዚህ ጥንዶችም እንደሚገቧቸው አረጋገጠ፤ ሆኖም የጋብቻ ፈቃድ ይሰጣቸው ብሎ በማዘዝ ፈንታ መፍትሔውን ምክር ቤቱ እንዲያበጅ መራው።

ምክር ቤቱ ብርቱ ክርክር ካካሄደ በኋላ በ2000 ሲቪል ዩኒየን የተባለውን፣ የጋብቻን ስም ሳይሰጥ በግዛቱ ሕግ ለባለትዳሮች የተፈቀደውን መብት ሁሉ የሚያጎናጽፍ ሥርዓት አጸደቀ። ረቂቁን ያዘጋጀው የፍትሕ ኮሚቴ ሰብሳቢ ቶም ሊትል ሪፐብሊካን ሲሆኑ፣ ምክትላቸው ቢል ሊፐርት ደግሞ ጌይ መሆናቸውን በይፋ የገለጹ ብቸኛው የምክር ቤት አባል ነበሩ። ውሳኔው ዋጋ አስከፍሏል፤ በዚያው ዓመት በተካሄደው ምርጫ ሕጉን የደገፉ በርካታ ተመራጮች መቀመጫቸውን አጥተዋል፣ የተወካዮች ምክር ቤቱም በሪፐብሊካኖች አብላጫ እጅ ገብቷል።

ይሁንና ሕጉ አልተሻረም፤ የመብቱ ተሟጋቾችም መራጩን ሕዝብና ተመራጮቹን ማሳመናቸውን ቀጠሉ። በ2009 ምክር ቤቱ ሙሉ የጋብቻ መብት የሚሰጥ ሕግ ሲያወጣ አገረ ገዥ ጂም ዳግላስ አልፈርምም ብለው መለሱት። እንዲህ ያለውን ተቃውሞ ለመሻር ድምፅ ከሚሰጡት አባላት የሁለት ሦስተኛው ድጋፍ ያስፈልግ ነበር፤ ሚያዝያ 7 ቀን የሕግ መወሰኛው ሴኔት በ23 ለ5፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ ደግሞ በ100 ለ49 ሕጉን አጸደቁት። ከመቶዎቹ ደጋፊዎች አንዱ እንኳ ሐሳቡን ቢለውጥ ኖሮ ሕጉ ይወድቅ ነበር። ማሳቹሴትስ በ2004 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቀድማ የነበረ ቢሆንም፣ ያለ ፍርድ ቤት አስገዳጅነት በሕግ አውጪዎች ድምፅ ብቻ እዚህ ውሳኔ ላይ በመድረስ ቬርሞንት የመጀመሪያዋ ሆነች።

በአንጻሩ ሃዋይ የፍርድ ቤት ድል ሕዝባዊ ድጋፍ ሳይቀድመው ሲመጣ የሚገጥመውን ፈተና ታሳያለች። በ1993 የግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ክልከላው ብርቱ ምክንያት ካልቀረበለት ሊጸና እንደማይችል ቢያመለክትም፣ መራጮች በ1998 ባጸደቁት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ምክር ቤቱ ጋብቻን በወንድና በሴት መካከል ብቻ እንዲወስን ሥልጣን ሰጡት። የሁለቱ ግዛቶች ልምድ ጎን ለጎን ሲታይ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ በር ይከፍታል እንጂ መብቱን የሚያጸናው ከዚያ በፊትና በኋላ ሕዝቡን ለማሳመን የሚደረገው ትዕግሥት የተሞላበት ሥራ መሆኑ ግልጽ ይሆናል።

የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2015 የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በአገሪቱ ሁሉ ቢያጸናም፣ የብዙ ግዛቶች ሕግጋት የቀድሞውን ክልከላ አሁንም እንደያዙ ናቸው፤ ፍርድ ቤቱ አቋሙን የለወጠ ዕለት እነዚህ አንቀጾች ነፍስ ሊዘሩ ይችላሉ። በኅዳር 2024 የካሊፎርኒያ፣ የኮሎራዶና የሃዋይ መራጮች ከየሕገ መንግሥታቸው መሰል አንቀጾችን በድምፃቸው የሰረዙትም በዚሁ ምክንያት ነው።