ከሐውልት ወደ አዳራሽ፦ የኒውዚላንድ ገጠር የጦርነት መታሰቢያዎች

ኒውዚላንድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት 18 ሺህ ያህል ልጆቿን አጣች፤ ያን ጊዜ ሕዝቧ ከ1 ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም። አስከሬን ወደ አገር አይመለስም ነበርና፣ ለገጠሩ ቤተሰብ መንገድ ዳር የቆመው ሐውልት የመቃብር ምትክ ሆነ።

ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ግን ብዙዎች ሌላ ድንጋይ አልፈለጉም። ሙታንን የሚያስታውስ፣ ሕያዋንንም የሚያገለግል ነገር ይሠራ አሉ። የሌበር ፓርቲ መንግሥትም በ1946 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ለመታሰቢያ አዳራሽ በሚያዋጣው በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ አንድ ፓውንድ እንደሚጨምር አስታወቀ። ሐውልት ብቻ ለሚያቆም ድጎማ የለም። በእኔ ግምት ሚዛኑን የደፋው ይህ ነው፤ ሐሳብ ብቻውን ያን ሁሉ አዳራሽ አያቆምም።

1950ዎቹ የአዳራሾቹ ደግ ዘመን ነበሩ። በመግቢያው ሰሌዳ ላይ የሟቾች ስም ተጽፏል፤ አልፎ አልፎ የአንድ ቤተሰብ ስም ሁለቴ ይነበባል። ውስጥ ግን ሠርግ አለ፣ የገበሬዎች ስብሰባ አለ፣ ቅዳሜ ማታ ጭፈራ አለ። እግር እንዲንሸራተትላቸው ወለሉ ላይ ሻማ ይፈረፍሩበታል። ሴቶች ምግቡን በየሳህናቸው ይዘው ይመጣሉ፤ የእኛን እድር የሚያውቅ ነገሩ አይጠፋውም። መጠጥ በጭፈራ አዳራሽ አካባቢ በሕግ ስለተከለከለ፣ ወንዶቹ ጠርሙሳቸውን መኪና ውስጥ ደብቀው ብቅ ጥልቅ ይሉ ነበር።

በ1960 ቴሌቪዥን ገባ። መንገዱም ተሻሻለና ወጣቱ ወደ ከተማ ሄዶ መዝናናት ጀመረ። ከባዱ ምት ግን ከ1984 በኋላ መጣ፦ አዲሱ መንግሥት የእርሻ ድጎማን አነሳ፤ በ1988 ከ400 በላይ ፖስታ ቤቶች ተዘጉ። በብዙ መንደር ከአዳራሹ በቀር የጋራ ቤት አልቀረም።

የ2011 የክራይስትቸርች ርዕደ መሬት 185 ሰው ከገደለ በኋላ ደግሞ የሕንጻ ደንቡ ጠበቀ። በ2017 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ለመሬት መንቀጥቀጥ ተጋላጭ የሆኑ ሕንጻዎች በጊዜ ገደብ እንዲጠናከሩ ወይም እንዲፈርሱ አዘዘ። የእንጨት አዳራሾች በአብዛኛው ቀሏቸዋል፤ በጡብ ለተሠሩት ግን ወጪው ከአንድ መንደር አቅም በላይ ነው።

መንግሥት ግማሹን ከፍሎ ያሠራውን ቤት፣ ከሠሩት በቁጥር ያነሱ ሰዎች ብቻቸውን ያድሱት ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ማፍረስ ግድ ከሆነም፣ ግድግዳው ከመነካቱ በፊት የስም ሰሌዳው የት እንደሚያርፍ ይወሰን።