ሁለተኛው ስንብት

በትምህርት ምክንያት ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው የሚሰናበተው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሲሄድ ከወገኖቹ ይለያል፤ ኋላም ሲመለስ በዚያ ካፈራቸው ወዳጆቹ ይለያል። የመጀመሪያው ስንብት አባቶቻችን ያቆዩልን ሥርዓት አለው። የንስሐ አባት ይጸልዩለታል፤ ሽማግሌዎች ይመርቁታል፤ እናት በሶውንና ሽሮውን፥ በርበሬውንና ዳቦ ቆሎውን በየከረጢቱ ቋጥራ ትሰጠዋለች፤ ጎረቤትም እስከ ደጅ ይሸኘዋል። ለሁለተኛው ስንብት ግን ሥርዓት ያበጀለት ሰው የለም። ተማሪው ፈተናውን ጨርሶ፥ መጻሕፍቱን አሽጎ፥ ቲኬቱን ቈርጦ ሲነሣ፥ ሁለትና ሦስት ዓመት አብረውት የበሉትንና የጠጡትን ሰዎች «እንጻጻፋለን» ብሎ በአንዲት ቃል ይለያቸዋል። የዚህችን ቃል ዕድሜ ልንመረምር አስበናል፤ እኛም ተናግረናት ሳንፈጽማት የቀረን ነንና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2001 ዓ.ም. በመምህርነት ሥራ ላይ ሳለን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሕንድ አገር ሄድን። የተማርንበት የአንድራ ዩኒቨርሲቲ በ1926 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን፥ የሚገኘውም በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳር ቪሻካፓትናም በምትባል የወደብ ከተማ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን መምህራን ወደዚያ ስለሚሄዱ የአገር ልጅ አላጣንም። ነገር ግን ከአገር ልጅ ጋር ብቻ ተሰብስቦ መኖር ባሕሩን ሳይሻገሩ እንደ መቅረት ስለ ሆነ፥ በማደሪያችን ከነበሩት ከሌሎች አገሮች ልጆች ከሦስቱ ጋር ወዳጅነት መሠረትን። አንደኛው የዚያው አገር ተወላጅ ሆኖ ቴሉጉ የሚናገር ነበረ፤ ሁለተኛው ከታንዛንያ፥ ሦስተኛው ከሕንድ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ከኬረላ የመጡ ነበሩ። ወዳጅነቱን ያስጀመረችን ቡና ናት። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በክፍላችን ቡና ስንቆላ ጭሱ መተላለፊያውን ስለ ሞላው፥ ዘበኛው እሳት የተነሣ መስሎት የውኃ ባልዲ ይዞ መጣ። ሦስቱ ወጣቶች እርሱን ተከትለው መጡ። ዘበኛውም ባልዲውን አስቀምጦ እስከ በረካው ድረስ ቁጭ ብሎ ጠጣ። እነርሱ በተራቸው ዶሳ የሚባለውን፥ ከሩዝና ከጥራጥሬ ተፈጭቶ ሌሊቱን የሚቦካውንና በምጣድ የሚጋገረውን ምግባቸውን ሲያበሉን፥ ለካ እርሾ የሚያውቅ ሕዝብ እኛ ብቻ አይደለንም ብለን ተደነቅን።

በሁለተኛው ዓመት የዕረፍት ጊዜ ሲሆን የኬረላው ወዳጃችን ወደ ወላጆቹ ቤት ወሰደን። መንገዱ በባቡር ከአንድ ቀንና ከአንድ ሌሊት በላይ ነው። በዚያ አገር ቤት ሁሉ የራሱ ስም አለው፤ ፖስተኛውም ደብዳቤ የሚያደርሰው በቤቱ ስም ነው። ከበሩ ስንደርስ አንድ ነጭ ሽበት ያላቸው አዛውንት ወጥተው በአማርኛ «እንደምን አደርህ፥ ልጄ» አሉን። ጊዜው ማታ ነበር፤ እኛ ግን ዕንባችን መጣ እንጂ ልናርማቸው አልደፈርንም።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶቿን እንደ ገና ስታቋቁም ብዙ የሕንድ መምህራን መጥተው እንዳስተማሩ አንባብያን ያውቃሉ። ዛሬ በሸመገሉት ወገኖቻችን ዘንድ ሒሳብንና የተፈጥሮ ሳይንስን ከሕንድ መምህር ያልተማረ ጥቂት ነው፤ ከእነዚያም መምህራን ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ ስማቸው የታወቀው በኋላ ጳውሎስ ማር ግሪጎርዮስ የተባሉት ጳጳስ ናቸው። እርሳቸው በ1947 እ.ኤ.አ. ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ መምህር ሆነው ወደ አገራችን መጡ፤ አማርኛም ተማሩ፤ በ1950 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄዱ። ከሄዱም በኋላ እንደ ወጡ አልቀሩም፤ በ1956 ተመልሰው በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ አገለገሉ። ቋንቋውን ተምሮ የሄደ ሰው የሚመለስበትን ድልድይ ሳይሰብር የሄደ ነው ማለት ይቻላል።

የወዳጃችንም አባት ከእነዚያ መምህራን አንዱ ነበሩ። ከ1955 ጀምሮ ሰባት ዓመት በጎጃም በአንድ ከተማ ሒሳብ አስተምረዋል። በጥር 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ፥ የግብፅ፥ የሶርያ፥ የአርመንና የሕንድ ኦርቶዶክሳውያን አብያተ ክርስቲያናት አለቆች በአዲስ አበባ በተሰበሰቡ ጊዜ፥ የአገራቸውን ካቶሊኮስ ለማየት ፈቃድ ጠይቀው፥ በአውቶቡስ የዓባይን በረሃ ተሻግረው እንደ መጡ በደስታ አጫወቱን። ከዚህም በኋላ ከአልጋቸው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። በውስጡ የነበሩት የኢትዮጵያውያን ተማሪዎቻቸው ደብዳቤዎች ናቸው፤ በየዓመቱ ለይተው በክር አስረዋቸዋል። የመጀመሪያው ዓመት እሥር ወፍራም ነበረ። የሁለተኛው ከዚያ ያንሳል። እንዲህ እየቀጠነ ሄዶ በ1969 ዓ.ም. አንድ ደብዳቤ ብቻ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ የለም።

«ይህ ልጅ ከሁሉ በኋላ የጻፈልኝ ነው» አሉ አዛውንቱ። «ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ጻፍሁለት፥ መልስ አላገኘሁም። ሞቶ ይሆን? ወይስ አስቀይሜው ይሆን? አገርህ ስትገባ ጠይቅልኝ።»

እኛም ሳናመነታ «በገባን በወሩ አፈላልገን እንጽፋለን» አልናቸው።

በ2003 ዓ.ም. ትምህርታችንን ጨርሰን ስንነሣ ሦስቱም ወዳጆቻችን እስከ ባቡር ጣቢያ ሸኙን። እኛ ነጠላና የተረፈንን ቡና ሰጠን። የታንዛንያው ወዳጃችን በጠርዙ የስዋሂሊ ምሳሌ የተጻፈበትን ካንጋ የሚባለውን የአገሩን ጨርቅ ለእናታችን እንድናደርስለት ሰጠን። «በየሳምንቱ እንጻጻፋለን፥ በሁለት ዓመት ውስጥም እንገናኛለን» ተባባልን። ስንብት ላይ የሚነገር ነገር ሁሉ ከልብ ነው፤ ግን ልብ በዚያ ሰዓት ቆጥሮ አይናገርም።

አገር ቤት በገባን በመጀመሪያው ወር ዘመድ መጠየቅ፥ በሁለተኛው የትምህርት ቤት መከፈት፥ በአራተኛው የእህታችን ሠርግ ሆነ። የኬረላው ወዳጃችን ሁለት ጊዜ ጻፈልን፤ በሁለቱም መጨረሻ ላይ «አባቴ ስለ ነገሩ ይጠይቅሃል» የሚል ነበረበት። ፈልገን አጣን እንዳንል ሐሰት ይሆንብናል፤ አልፈለግንም እንዳንል አፈርን። ስለዚህ «ሰውየውን አግኝተን በአንድነት እንጽፍለታለን» ብለን ዝም አልን።

እዚህ ላይ ጥቂት ልንቆይ እንወዳለን፤ የነገሩ ሥር ይህ ነውና። ብዙ ሰው የባሕር ማዶ ወዳጅነት የሚጠፋው በመርሳት ይመስለዋል። እኛ ግን ራሳችንንም የሥራ ባልደረቦቻችንንም ጠይቀን የደረስንበት ሌላ ነው፤ በእኛ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ወዳጅነት የሚጠፋው በይሉኝታ ነው። ባዶ እጃችንን ሰው ቤት እንደማንገባ ሁሉ ባዶ ወሬም ይዘን ደብዳቤ አንጽፍም። ሥራ ስናገኝ እንጽፋለን፤ ስናገባ እንጽፋለን፤ ያልነውን ስንፈጽም እንጽፋለን። ሥራው ሲዘገይ፥ ያልነውም ሳይፈጸም ሲቀር፥ ዝምታው ራሱ ዕዳ ይሆናል። የአንድ ወር ዝምታ በአንድ መስመር ይቅርታ ይከፈላል፤ የአንድ ዓመት ዝምታ ግን አንድ ገጽ ማብራሪያ የሚፈልግ ይመስለናል፤ ያንን ገጽ ለመጻፍ ደግሞ ዕረፍት ያለበት ቀን እንጠብቃለን። ወዳጃችን በበኩሉ «ረሳኝ» ወይም «ተቀየመኝ» ይላል። ቴሌግራምና ዋትሳፕ ይህን ነገር ያድኑታል የሚል ሰው ቢኖር እኛ አላየንም። ስልኩ በኪሳችን ሆኖ ማፈራችን ያው ነው፤ እንዲያውም የወዳጃችንን ልጆች ፎቶግራፍ እያየን፥ ቃል ሳንተነፍስ፥ ወዳጅነቱ ያለ ይመስለናል።

በ2006 ዓ.ም. በትምህርት ቤታችን የመምህራን ክፍል ተቀምጠን ሳለ ከኬረላ አጭር መልእክት ደረሰን። «አባቴ ካረፈ ሦስት ወር ሆነው። ታምሞ እስኪተኛ ድረስ ከአንተ ዘንድ ወሬ መጥቶ እንደሆነ ይጠይቀኝ ነበር» ይላል እንጂ ሌላ የወቀሳ ቃል የለበትም። በአገራችን ወዳጅ ማለት ለቅሶ የደረሰ ነው። እኛ ግን ከለቅሶው ቀርተናል፤ ከለቅሶው በፊትም ከሰውየው ቀርተናል።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ወደ ጎጃም ተሳፈርን። በከተማይቱ ወደ ነበረው ትምህርት ቤት ሄደን ስሙን ብንጠይቅ፥ ሦስተኛው የጠየቅነው ሰው «መምህር እርሳቸው? ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በስተኋላ ነው» አለን። ለሦስት ዓመት ያቆየነው ሥራ የግማሽ ቀን ሥራ ነበረ።

ሰውየው ራሳቸው የሒሳብ መምህር ሆነው ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ነገሩን ስንነግራቸው መጀመሪያ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ቀጥሎ ነው መቀመጫ የሰጡን። ደብዳቤው የተቋረጠው በቅያሜ አልነበረም። በአገራችን ደብዳቤ በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ በየቤቱ የሚታደል አይደለም፤ እርሳቸውም ይጠቀሙበት የነበረው የትምህርት ቤቱ ሣጥን ነበረ። በ1969 ወደ ሌላ አውራጃ ሲዛወሩ አዲሱን ቁጥር ጽፈው ልከዋል፤ ደብዳቤው ግን አልደረሰም። መልስ ሲጠፋ፥ «እኔ ምን አለኝና ይጽፉልኛል» ብለው ተዉት። አንዱ በኬረላ «አስቀይሜው ይሆን» ይላል፥ ሌላው በጎጃም «እኔ ምን አለኝና» ይላል፤ በዚህ ዓይነት ሠላሳ ሰባት ዓመት አለፈ።

ከተቀመጥንበት ሆነን ወደ ኬረላ ደወልን። ሁለቱ ሰዎች ተያይተው አያውቁም። መምህሩ በእንግሊዝኛ «አባትህ አባቴ ነበሩ» ብለው ማልቀስ ሲጀምሩ፥ ወዳጃችን ከዚያ ማዶ ጥቂት ዝም ብሎ፥ «የፈተና ቀን ጠመኔውን በካልሲህ ውስጥ የደበቅኸው አንተ ነህን? አባቴ ይህን ሳይነግረን ያለፈ ዓመት የለም» ቢላቸው፥ ዕንባቸው ሳይደርቅ በሣቅ ፈነዱ። በዚያ ወር የማርያም ጽዋ የሚወጣው በእርሳቸው ቤት ስለ ነበር፥ ማኅበርተኞቹ ሲሰበሰቡ የመምህራቸውን ስም አስጠርተው ጸሎት አስደረጉ።

በዚያ ማኅበር ተገኝተን ሳለን ከጽዋው ሥርዓት አንድ ነገር ተማርን። ቀኑ የታወቀ ነው፤ ተራውም የታወቀ ነው። ተረኛው ጠላው ቢቀጥን፥ ዳቦው ቢያንስ፥ ያለውን ያቀርባል። ባለፈው ወር የቀረ ሰው ዛሬ ቢመጣ ገብቶ ይቀመጣል እንጂ በደጅ ቆሞ ምክንያት አይዘረዝርም። ታዲያ ይህ ለባሕር ማዶ ወዳጆች ለምን አይሆንም ብለን ሐሳቡን ለሦስቱ ጻፍንላቸው። እነርሱም ተቀበሉት፤ ጡረተኛው መምህር አምስተኛ ሆነው ተጨመሩ።

ሥርዓታችን ቀላል ነው። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ተረኛው ለአራቱ ደብዳቤ ይጽፋል፤ በማታውም በስልክ እንገናኛለን። ወሩ የአውሮፓ ወር ነው፤ የእኛ አሥራ ሦስት ወር ለሌሎቹ አስቸግሯልና። ተረኛው ወሬ ቢኖረውም ባይኖረውም ይጽፋል፤ «ስለ ዘገየሁ ይቅርታ» ብሎ መጀመር ግን ክልክል ነው። በመጀመሪያው ወር «በምሽቱ ሁለት ሰዓት» ብለን ብንቀጥር ሕንዶቹ ሁለቱ በቀን በስምንት ሰዓት ሲጠብቁን ውለው ተቈጡ። የታንዛንያው ብቻ በሰዓቱ ተገኘ፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛ ሰዓትን ከንጋት ይቈጥራሉና። አሁን ሕንድ ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል እንደሚቀድም ሁላችንም በቃላችን ይዘናል።

ስለ ገንዘብም አንድ ቃል እንጨምር። ከማኅበርተኞቹ አንዱ ሲቸገር ሌሎቹ በገዛ ፈቃዳቸው የረዱበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን በተራ ደብዳቤ ላይ ልመና እንዳይጻፍ ተስማምተናል። ከድኻ አገር የመጣ ወዳጅ በጻፈ ቁጥር «ምን ሊጠይቀኝ ይሆን» የሚያሰኝ ከሆነ ደብዳቤው ሳይከፈት ይከርማል።

ልጆቻችሁን ወደ ውጭ አገር የላካችሁ ወላጆችም በዚህ ድርሻ አላችሁ። ልጁ ሲመለስ ስለ ዲግሪው ብቻ አትጠይቁት፤ ከማን ጋር በላህ፥ ስታመም ማን አስታመመህ፥ የእናቱስ ስም ማን ይባላል በሉት። እናታችን ከታንዛንያ የተላከላትን ካንጋ ዛሬም በበዓል ቀን ትለብሰዋለች። በመጀመሪያው ቅዳሜ ስልኩ ሲከፈት ከጓዳ ወጥታ ለላኪው በአማርኛ ትመርቀዋለች፤ እርሱም ትርጉሙን ሳያውቅ «አሜን» ይላል።

ጡረተኛው መምህር አሁን ዓይናቸው ስለ ደከመ ተራቸው ሲደርስ የልጅ ልጃቸው ትጽፍላቸዋለች። ባለፈው ወር የጻፈው የኬረላው ወዳጃችን ነው፤ የብስኩት ቆርቆሮውን ለሴት ልጁ እንዳወረሳት ይነግረናል። የዚህ ወር ተራ የእኛ ነው፤ ዛሬ ሐሙስ ነው፥ ገና አልጀመርነውም።