ዳቦ ቆሎ ለምን ይኮረሸማል?

ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ወለንጪቲም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ለሻይ ዳቦ ቆሎ የሚሠራ ሰው የሚታገለው ከውኃ ጋር ነው። ዳቦ ቆሎ የሚኮረሸመው ውኃው ተሟጦ ስለወጣ ነው። የመንገደኛ ስንቅ ሆኖ የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሻጋታ እርጥበት ካላገኘ አያድግም።

ሥራው የሚጀምረው ከሊጡ ነው። ለሦስት ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት ሩብ ብርጭቆ ዘይት፣ ሩብ ብርጭቆ ስኳርና ትንሽ ጨው ይበቃል። ውኃ ከመግባቱ በፊት ዘይቱ ከዱቄቱ ጋር በጣት በደንብ ይታሻል። ይህን ቅደም ተከተል መዝለል አይገባም። የስንዴ ዱቄት ውኃ ሲያገኝ ግሉተን የሚባል የሚለጠጥ መረብ ይሠራል፤ ለዳቦ የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ዘይት ቀድሞ ዱቄቱን ከለበሰው ግን መረቡ በደንብ አይያያዝም፤ ዳቦ ቆሎውም ጥርስ የሚፈትን ከመሆን ይልቅ በቀላሉ ይሰበራል። ውኃው ጥቂት በጥቂት ይጨመር፤ ሊጡ ጠንከር ይበል። የጨመርነውን ውኃ መልሰን በእሳት ማስወጣታችን አይቀርምና።

ሊጡ ተሸፍኖ ትንሽ ካረፈ በኋላ እየተድቦለቦለ ከትንሽ ጣት ቀጥኖ ይወጣል፤ ከዚያ በመቀስ ሽንብራ በሚያህል መጠን ይቆረጣል። መጠኑ ከተበላለጠ ትንሹ ሲያር የትልቁ መሐል ገና እርጥብ ነው።

ቀሪው የምጣድ ጉዳይ ነው። ወለንጪቲ ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚያ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሊጡ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሙቀቱ ከዚያ ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ አይቀላም። ቅላቱና ቤቱን የሚሞላው ሽታ የሚመጡት ገጹ ደርቆ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። እሳቱ ከበረታ ገጹ ቶሎ ይቀላና ውስጡ የደረሰ ይመስላል፤ ዓይን የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ለዘብ ያለ እሳትና ያላቋረጠ ማማሰል ይሻላል። ሊደርስ ሲል ድምፁ ይለወጣል፤ ቀድሞ ታፍኖ ይሰማ የነበረው ምጣዱ ላይ መንኳኳት ይጀምራል። ትኩሱን ቀምሶ ለስላሳ ነው ብሎ መመለስ አያስፈልግም፤ ስኳሩ የሚጠነክረው ሲበርድ ነው።

ዳቦ ቆሎ ላይ ለውዝ ወይም ፍሬ መቀላቀል የሚፈልግ ሰውም መጠየቅ ያለበት ስለ ውኃው ነው። የባቢሌ ለውዝ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ ሲቆላ ደግሞ የነበረችው ጥቂት ውኃም ትወጣለች። ስለዚህ ለብቻው ተቆልቶ፣ ቀዝቅዞ ቢቀላቀል ዳቦ ቆሎውን አያለሰልስም። የተጨማደደውንና የሻገተውን ግን ለቅሞ መጣል ግድ ነው፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ በመቁላትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ዘቢብ ሌላ ነገር ነው። ደረቅ ቢመስልም ከክብደቱ 15 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ከዳቦ ቆሎ ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ ሲዘጋበት እርጥበቱ ወደ ደረቁ ይሄዳል፤ በጥቂት ቀን ዘቢቡ ይጠነክራል፣ ዳቦ ቆሎውም ይለሰልሳል። ዘቢብ የሚወድ ሰው ሲያቀርብ ይጨምረው። እኔ ግን የፍሬ ጣዕም ስፈልግ የብርቱካን ልጣጭ እመርጣለሁ፤ በላይኛው አዋሽ ያለው ኑራ ኤራ በብርቱካኑ የታወቀ ነው። ብርቱካኑ በደንብ ታጥቦ፣ ነጩ ሳይነካ ቢጫው ብቻ ተፈግፍጎ ሊጡ ውስጥ ይገባል። መዓዛው ያለው በልጣጩ ዘይት ውስጥ ስለሆነ ውኃ አያመጣብንም።

ዳቦ ቆሎው ፈጽሞ ሳይበርድ ክዳን አይገጠምበት፤ እንፋሎቱ ተመልሶ ያረጥበዋል። በክረምት እርጥበት ገብቶበት ከለሰለሰም አይጣልም፤ ለጥቂት ደቂቃ ለዘብ ባለ እሳት ምጣድ ላይ ታምሶ ሲበርድ እንደገና ይኮረሸማል።