የልጆችን ክበብ የሚመሩትን ስለ መምራት

በዚህ የቴሌግራም ቻናል የምጽፈውን የምትከታተሉ፣ በተለይም በቦንጋ ከተማና በካፋ ዞን ወረዳዎች የልጆችንና የወጣቶችን ክበባት እንድታስተባብሩ በቅርቡ የተመደባችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የምትልኩልኝ ጥያቄ በቃል ይለያይ እንጂ በምሥጢር አንድ ነው፤ ይኸውም ደመወዝ የማንከፍለው፣ አለቃ ሆነን የማናዝዘው፣ ከመደበኛ ሥራውና ከቤቱ ሐሳብ በተረፈችው ሰዓት ልጆችን ሊያገለግል የመጣ በጎ ፈቃደኛ ከእኛ ከአስተባባሪዎቹ ምን ሊቀበል ይገባዋል የሚል ነው። በዚህ አገልግሎት በቆየሁበት ዘመን ከሁሉ ይልቅ የጸናብኝ እውነት፣ ፈቃደኛው በሥልጠና ቀን የነገርነውን ብዙውን ዘንግቶ፣ እኛ በእርሱ ላይ ያሳየነውን ጠባይ ግን አንድም ሳያጓድል ወደ ልጆቹ የሚያሻግር መሆኑ ነው።

በየዓመቱ የሚደረገውን ሥልጠና አስቡት። አስተባባሪው ፈቃደኞቹን በአዳራሽ ሰብስቦ ከጧት እስከ ቀትር ይናገራል፤ ከሻይ ዕረፍትም በኋላ ይናገራል፤ በመጨረሻም ቅጽ አድሎ፣ በወሩ መጨረሻ ሪፖርት እንደሚጠብቅ አስጠንቅቆ ያሰናብታቸዋል (የንግግሩ ርእስ «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ» የሆነበትንም ቀን አልዘነጋሁም)። በቀጣዩ ቅዳሜ ያ ፈቃደኛ፣ ብዙውን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ መምህር ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሆነ ቅን ሰው፣ ልጆቹን በአንድ ክፍል አስቀምጦ ይናገራል፣ ስም ይጠራል፣ የቀረውን ይገሥጻል፣ ያሰናብታል። ይህን የሚያደርገው በስንፍና አይደለም፤ ያየውን ሥርዓት በታማኝነት መፈጸሙ ነው። ልጆቹ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መጉደል ሲጀምሩ ደግሞ እኛው ተነሣሽነት የለውም ብለን እንከሰዋለን።

ይህን የመሰለው የመምራት ዘዴ ከአበው የወረስነው ነው እንዳንል የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ይመሰክርብናል። በቅኔ ጉባኤ መምህሩ ስለ ተማሪው ቅኔ አይቆጥሩለትም፤ ተማሪው ራሱ ሲያወጣና ሲያወርድ ውሎ የቆጠረውን ይዞ በፊታቸው ሲቆም ሰምተው ያርሙታል፣ የተበላሸውንም አሳይተው ይመልሱታል። ለጀማሪዎቹም ምሥጢሩን ደግሞ የሚያስረዳቸው አስነጋሪው ነው፤ እርሱም ከተማሪዎቹ መካከል የበሰለው ነው። ስለዚህ መምህሩ አስነጋሪውን የያዙበት ትዕግሥት በአስነጋሪው በኩል ወደ ታናናሾቹ ይወርዳል፤ ቍጣቸውም እንዲሁ ይወርዳል።

በባሕር ማዶም ነገሩ በሌላ መንገድ መጥቶ ከዚሁ ላይ ደርሷል። በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት ኤ. ቢ. ግራሃም የተባለ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ በ1902፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፣ የገጠር ልጆችን ሰብስቦ በቆሎ እየዘሩ፣ አፈር እየመረመሩ በእጃቸው ሠርተው እንዲማሩ አደረገ፤ ኋላም ፎር ኤች የሚል ስም የያዙት፣ ራስን፣ ልብን፣ እጅንና ጤናን በአንድነት ለማነጽ የቆሙት ክበባት ሥራቸውን ከዚህ ዓይነቱ ጅምር ይቆጥራሉ። በ1914 የወጣው ሕግ የእርሻ ኤክስቴንሽንን በመላ አገሪቱ ሲያቆምና ክበባቱ ሲበዙ፣ ደመወዝተኛው የእርሻ ሠራተኛ ሁሉንም በራሱ ሊመራ የማይቻለው ሆነ፤ ስለዚህም ክበቡን የሚመሩት የሰፈሩ እናቶችና አባቶች ሆኑ፣ የእርሱም ዋና ተግባር እነርሱን መደገፍ ሆነ። ያው የኤክስቴንሽን ትምህርት በኦክላሆማ ኮሌጅ ረዳትነት ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ፣ የአለማያ ኮሌጅ ገና እየተሠራ ስለ ነበረ፣ ትምህርቱ በ1945 ዓ.ም. የተጀመረው በጎረቤታችን በጅማ ነበር፤ ጅማም ያን ጊዜ የካፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ገበሬውን የሚመክር ደመወዝተኛ ባለሙያ ማሠማራትን በሚገባ ተምረናል። ባለሙያው ከጀርባ ቆሞ ፈቃደኛውን የሚያጸናበትን ጥበብ ግን፣ በእኔ ግምት፣ ገና በቅጡ አልያዝነውም።

ወደ ዛሬው ካፋ ልመለስ። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ከተመዘገበ ወዲህ በትምህርት ቤቶቻችን የችግኝ ሥራ የሌለው የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ማግኘት ያስቸግራል። ልጆቹ የዋንዛ፣ የቀረሮ፣ የጥቁር እንጨት ዘር ከደን ለቅመው ያፈላሉ፤ ተራ ገብተው ያጠጣሉ፤ አንዳንዱ መደብ ይበቅላል፣ አንዳንዱም ይቀራል። አስተባባሪው ለጉብኝት ሲመጣ ግን ችግኝ ብቻ ቆጥሮ የሚሄድ ከሆነ፣ ፈቃደኛው በሚቀጥለው ጉብኝት ዋዜማ ከግብርና ጽሕፈት ቤቱ ችግኝ ጣቢያ የጎደለውን አምጥቶ ይሞላል፤ ልጆቹም አዋቂ ሰው በእንግዳ ፊት እንዴት እንደሚያስመስል ይማራሉ። አስተባባሪው በመደቡ አጠገብ ተቀምጦ አንዲቱን ልጅ «የትኞቹ ደረቁ? ምን ያገኛቸው ይመስልሻል?» ብሎ ቢጠይቃትና መልሷን እስክትጨርስ ቢያዳምጥ፣ ፈቃደኛውም ያንኑ ጥያቄ በሌላ ቀን ሲጠይቅ ትሰሙታላችሁ። በአዲዮ ወረዳም እንዲሁ ነው። የቦንጋ በግ አርቢዎች ከቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ሆነው ለአውራነት የሚቀረውን ጠቦት በራሳቸው ኮሚቴ ይመርጣሉ፤ አባቱ በዚህ ጉባኤ ተቀምጦ የሚፈርድ ልጅ፣ የራሱን ጠቦት ክብደት በራሱ ደብተር ለመጻፍ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ጊዜም አንድ ቃል ልጨምር። ዕቅዳችን ከመምሪያው ካላንደር ስለሚቀዳ የክበባት ምሥረታ ብዙ ጊዜ በጥቅምት ይውላል፤ በጥቅምትና በኅዳር ግን የጊምቦና የዴቻ ወረዳ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ቡና ለቀማ ላይ ናቸው። ይህን የማያውቅ ፈቃደኛ የለም፤ የጠየቀው ግን ማን ነው? ቀኑን ሳይጠየቅ የተቀበለ ሰው የልጆቹንም ቀን ሳይጠይቅ ይወስናል።

ከዚህ የሚከብደው ነገር በማዕድ ላይ የሚገለጠው ነው። ማንጆ ተብለው የሚጠሩት ወገኖቻችን ለብዙ ዘመን ከሌላው ሕዝብ ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ፣ በጋብቻም እንዳይተሳሰሩ ተለይተው ኖረዋል። ምንም እንኳ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ25ኛው አንቀጽ የሰውን ሁሉ እኩልነት ቢደነግግም፣ ልማድ ከአንቀጽ ይልቅ ሥር አለውና፣ በክበቡ የቡና ሰዓት ማን በየትኛው ሲኒ እንደሚጠጣ ሳይነገር ይለያል። ኅሊናው ንጹሕ የሆነ፣ ስለ እኩልነት በተሰጠው ትምህርት ላይ አጥብቆ የተናገረ አንድ ፈቃደኛ፣ በማግሥቱ የማንጆ ልጆችን ሲኒዎች ለብቻ አድርጎ ሲያስቀምጥ አይቻለሁ፤ እጁ የሚሠራውን ልቡ ያወቀም አይመስለኝም። ትምህርቱን ብደግመው እንደማይጠቅም ስላወቅሁ፣ የልጆቹን ወላጆች ለመጠየቅ ስሄድ አብሮኝ እንዲመጣ ለመንሁት። ከማንጆ ቤተ ሰብ ቤት ደርሰን እናቲቱ ቆጮና ቡና ባቀረቡልን ጊዜ እኔ አስቀድሜ ቆረስሁ፤ እርሱም ጥቂት ዘግይቶ ቆረሰ፤ በመንገድም ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክበብ ሲኒው አንድ ሆነ። ሁሉም ሠምሯል ብዬ ግን አልጽፍም፤ ልጆቻቸውን ያስቀሩ ወላጆች ነበሩ፣ ከእነርሱም የተመለሱት ሁሉም አይደሉም። እናንተም ብትሆኑ፣ የተገፋውን ልጅ በጉባኤ ፊት አቁማችሁ ስለ ፍቅር ከመስበክ ተጠንቀቁ፤ ያ ልጅ የሚሻው እንደ ሌላው ልጅ መሆንን ነው።

አርአያነት የማይበቃበት አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱም የልጆች ደኅንነት ነው። እዚህ ላይ ምክር ሳይሆን ሥርዓት ይጻፍ። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይቀመጥ፤ በማናቸውም ስብሰባ ሁለት አዋቂዎች ይገኙ፤ የሚርቅ ጉዞ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይደረግ፤ ሴቶች ልጆች ሳይመሽ ቤታቸው ይግቡ። አዲስ ፈቃደኛም ከመቀበላችሁ በፊት ጠባዩን የሚያውቁትን፣ ከቀበሌውም ከእድሩም፣ ጠይቁ። ይህ ሥርዓት በአስተባባሪውም ላይ እንደሚጸና በፈቃደኞቹ ፊት ተናገሩ፤ «እኔን ትጠረጥራላችሁን?» ብሎ የሚቈጣ ሰው ካለም፣ በክብር አመስግናችሁ አሰናብቱት።

ስለ አበልም በግልጽ እንነጋገር፣ ምክንያቱም ሁላችን በሹክሹክታ እንነጋገርበታለንና። ፈቃደኛ ማለት ከኪሱ የሚከስር ማለት አይደለም፤ ከገዋታ ወይም ከጨና ለሥልጠና የመጣውን ሰው የመጓጓዣና የምሳ ወጪ በተባለው ቀን፣ በተባለው ልክ ክፈሉት፤ ከሌላችሁም አስቀድማችሁ የለንም በሉት። ነገ ዛሬ እየተባለ የተመላለሰ ሰው ተስፋ መስጠት ቀላል እንደ ሆነ ይማራል፤ እርሱም በተራው ልጆቹን ወደ ባርታ ፏፏቴ እወስዳችኋለሁ ብሎ ዓመቱን ያሳልፋል።

እንግዲህ በወር አንድ ጊዜ ከየክበቡ ሂዱ፤ ስትሄዱም በኋለኛው ወንበር ተቀመጡ፣ ንግግር አድርጉ ቢሏችሁ እምቢ በሉ። ልጆቹ ከተበተኑ በኋላ ፈቃደኛውን ዛሬ ልጆቹ ራሳቸው የወሰኑት ምን እንደ ነበረና እርሱ ከእናንተ ምን እንደሚያስፈልገው ብቻ ጠይቁት፤ ሁለተኛውን ጥያቄ ከጠየቃችሁ ግን የተጠየቃችሁትን ሳትፈጽሙ በሚቀጥለው ወር አትመለሱ። የሪፖርቱን ቅጽ በተመለከተ፣ እኔ ከፈቃደኛው ላይ አንሥቼዋለሁ። የወሩን ሥራ ልጆቹ በአንድ ገጽ፣ በካፊኖኖም ይሁን በአማርኛ፣ በተራ ይጽፉታል፤ መምሪያው የሚሻውን ቍጥር ከዚያ ገጽ እያወጣ የሚሞላው አስተባባሪው ነው። ሥራው በእኛ ላይ ይጨምራል፤ በተለይ የካፊኖኖን ጽሕፈት በቅጡ ለማናነብ አስተባባሪዎች የመጀመሪያዎቹ ወራት አድካሚ ናቸው። የልጆቹ ገጽ ምን እንደሚመስል ማየት የምትሹ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስም የሌለበትን ናሙና እልክላችኋለሁ።