የጓሳ ጥናትና የዋቢ አጠቃቀስ

100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋውን የመንዝ ጓሳ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቄሮ በሚባል ሥርዓት፣ ሣሩን ለዓመታት እየዘጉና በጊዜው እየከፈቱ፣ ለዘመናት ጠብቀውታል። ይህን ሥርዓት በጥልቀት ካጠኑት አንዱ ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ አሸናፊ ሲሆኑ፣ ከናይጄል ሊደር ዊልያምስ ጋር የጻፉት ጥናት በ2005 እ.ኤ.አ. ሂዩማን ኢኮሎጂ በተባለው መጽሔት ወጥቷል። ስለ ጓሳ የሚጽፍ ተማሪ ከዚህ ሥራ ወስዶ ምንጩን ካልጠቀሰ የሌላውን ድካም የራሱ አድርጎ አቀረበ ማለት ነው። ቃላቱን መለዋወጥም አያድነውም፤ ሐሳቡም ባለቤት አለውና። ቃል በቃል የተወሰደው ደግሞ በትምህርተ ጥቅስ ተከትቶ ገጹ ይጻፋል።

ለዚህ የሚያገለግሉ የታወቁ ስልቶች አሉ። የቺካጎው መመሪያ በ1906 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን የግርጌ ማስታወሻው በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ይወደዳል። መነሻው 1929 እ.ኤ.አ. የሆነው የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ስልት፣ ኤፒኤ፣ የደራሲውን ስምና ዓመቱን በቅንፍ ያስቀምጣል። ዋናው ነገር አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጠቀም ነው።

ይሁንና ስልቶቹ የተቀረጹት የቤተሰብ ስም ላላቸው ሕዝቦች ነው። የመጨረሻውን ስም አስቀድም የሚለው ደንብ ኢትዮጵያዊውን ደራሲ ሦስት ስም ሲጽፍ በአያቱ፣ ሁለት ሲጽፍ በአባቱ ያስመዘግበዋል፤ አንዱ ሰው በዋቢ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ይሆናል። ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም የሚያሰፍረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትክክለኛውም መንገድ ይኸው ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ያሳስታል። ስለ መንዝ በሰፊው የሚያወሳው የዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» በ1965 እ.ኤ.አ.፣ የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ «ታሪክ ዘመን ዘዳግማዊ ምኒልክ» በ1959 ዓ.ም. ታተሙ። ቁጥሩ ብቻ ቢጻፍ የሌቪን መጽሐፍ በስድስት ዓመት የዘገየ ይመስላል። በእውነቱ ግን ቀድሞ የወጣው እሱ ነው። «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» የማይታለፉት ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው የቃል ምንጭ ነገር ነው። የግሼ ወይም የመርሐቤቴ አዛውንት ግማሽ ቀን ተቀምጠው ያስረዱት ታሪክ «አባቶች እንደሚሉት» ተብሎ ይታለፋል። መጽሐፍ የጻፈው በስሙ ሲጠራ የነገሩት ስም አልባ የሚሆኑበት ምክንያት የለም። ፈቃዳቸው ከሆነ ስማቸው፣ ቦታውና ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቀን ሊመዘገብ ይገባል፤ በታሪክ ትምህርት ክፍሎች የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ከዋቢ መጻሕፍት ጎን የሚቀመጠው ለዚሁ ነው። ምንጭን መጥራት ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ የአንድምታ መምህራን ጥቅሱን ጠርተው «እንዲል» ሳይሉ አያልፉም።

ይህን ሁሉ ለመመረቂያ ጽሑፍ ዋዜማ ማቆየት ተማሪውን ሳያውቅ ለስርቆት ማጋለጥ ስለሆነ፣ መምህራን ከመጀመሪያው ዓመት አንሥተው ሊያስተምሩት ይገባል።